የአንድ ቃል ግማሽ ትርጉም

ይታየው ወደ ክፍሌ የገባው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ትምህርት ከተጀመረ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወገዳ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍልን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሣኝ የአንዱ ተማሪ ታላቅ ወንድም መስሎኝ "ምን ልታዘዝ?" አልኩት።

"ተማሪ ነኝ፣ ቲቸር" አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። የደንብ ልብሱ ሹራብ እጅጌ አጥሮት ግማሽ ክንዱ ይታያል። ከላይ ነጠላ ደርቧል፤ ብብቱ ሥር አንድ አዲስ ደብተር ሸጉጧል። ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ፈገግ አለና መጨረሻ ያለው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ወላጆቹ እስቴ ውስጥ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ልጅ ሳለ ቤተ ልሔም የሚባል የዜማ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ሞክሮ ነበር፤ ድምፁ አልሆን ሲለው ወደ ቅኔ ዞረ። ከወገዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር፣ የኔታ ወልደ ሰንበት የሚባሉ የቅኔ መምህር ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ድቁና የተቀበለውም እሳቸው ወስደውት ነው። ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰው ከቅኔ ቤቱ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት እያቆራረጠ፣ የኔታን እየተደበቀ ነበር።

"እንግሊዝኛ ለምን ፈለግህ?" ብዬ ጠየቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት።

"ግእዝ ለማስተማር ነው፣ ቲቸር።"

"ግእዝ ለማስተማር እንግሊዝኛ?"

"ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግእዝ ትምህርት ክፍል አለ አሉኝ። እዚያ ለመድረስ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ማለፍ ነው። ፈተናው ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።" ይህን ሲል አላማረረም። ወንዝ ሞልቷልና ዞሮ መሄድ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ሰው ነበር የሚመስለው።

በዕድሜ የምበልጠው በአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ግን አንድ ቀን "አንቺ" ብሎኝ አያውቅም። "እርስዎ" ሲለኝ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም አፍር ነበር። መምህር መምህር ነው ብሎ አልተወውም።

በቀን አሥራ አምስት ቃል ይይዛል። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ንባቡን በእኛ ፊደል፣ ትርጉሙን በአማርኛ ይጽፋል። ከዚያ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ በቅኔ ቤት ልማድ እየተወዛወዘ፣ ጮክ ብሎ እየደጋገመ ይቀጽለዋል። ገበያተኛው ዞር ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

"ቲቸር፣ የዚህ የ'ጎ' ሠራዊቱ እነማን ናቸው?"

አልገባኝም። አስረዳኝ። በቅኔ ቤት ግስ የሚጠናው በቤት በቤቱ ነው፤ አንዱ ግስ አለቃ ይሆንና እንደሱ እየተለዋወጡ የሚረቡት ሌሎቹ ሠራዊቱ ይባላሉ። አለቃውን ያወቀ ሠራዊቱን ሁሉ ያውቃል።

"'ጎ' እንኳ ሠራዊት የለውም" አልኩት። "ብቻውን ነው።"

"ብቻውን?" አዘነለት መሰለኝ። "'ኖው፣ ኒው፣ ኖውን' ግን ሠራዊት አለው። 'ግሮው፣ ግሩው፣ ግሮውን' አለ፤ 'ብሎው፣ ብሉው፣ ብሎውን' አለ። አምስት ስድስት አግኝቻለሁ። የ'ኖው' ቤት ብዬ ጽፌዋለሁ።"

ስምንት ዓመት አስተምሬ እንደዚያ አሰልፌ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ የእሱን አሰላለፍ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። የተማሪዎቹ ሳቅም ቀስ በቀስ ቆመ። ከገና በኋላ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ከበውት ግስ ሲያስቀጽላቸው አየሁ።

የኔታ ወልደ ሰንበት መጀመሪያ ላይ አኩርፈውት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማሩት፣ ወንበር ይወርሳል ያሉት ልጅ ሹራብ ለብሶ ከሕፃናት ጋር ሊማር መሄዱ አልተዋጠላቸውም። ግን ይታየው በየቅዳሜው እየሄደ ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ እንጨት ይፈልጥላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ኩርፊያው ሁለት ወር ቆየና አንድ ቅዳሜ "እስቲ አምጣው ያንን ደብተር" አሉት።

ይታየው ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። "'ናይፍ' የሚለውን አነበብኩላቸው። ቢላዋ ማለት ነው አልኳቸው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። 'ይች የመጀመሪያዋስ?' አሉ። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም አልኳቸው። 'ታዲያ ሥራዋ ምንድን ነው? ለምን አያሰናብቷትም?' ብለው ተቆጡ።"

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ቃላት እንዲያሰማቸው ይጠብቁት ጀመር። ቋንቋውን ወደዱት ማለት አይደለም። ቃል ሲያገኙ ግን ማለፍ አይችሉም ነበር። ከየት መጣ፣ ስንት ፍቺ አለው፣ የቅርቡ የቱ ነው፣ የሩቁ የቱ ነው እያሉ ያፋጥጡታል። ይታየው ያልቻለውን ሰኞ ወደ እኔ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አግኝቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጥያቄዎቻቸውን ግን በየሳምንቱ እመልስ ነበር።

እኔ የማውቀው ልጃቸውን ነው። ዮርዳኖስ አሥረኛ ክፍል ሳለች አስተምሬያታለሁ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ሳይጠሯት እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። የዚያን ዓመት የኔታ ለአንድ የእስቴ ካህን ልጅ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀበሉ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በጭነት መኪና ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። የኔታ ለተሰበሰበው ዘመድ "እኔ ልጅ አልወለድኩም" አሉ። ስሟ በቤቱ እንዳይጠራ ከለከሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ይታየው ዘጠነኛ ክፍልን ከመቶ ሠላሳ ተማሪ አራተኛ ወጥቶ አለፈ። በክረምቱ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ጠፋ፤ ተኩስ ይሰማ ጀመር። በ2016 መስከረም ትምህርት ቤታችን አልተከፈተም። እኔም ወደ ቤተሰቦቼ ወደ ንፋስ መውጫ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከመንገድ ተመለስኩና የተከራየሁበት ቤት ተቀመጥኩ። ይታየው ግን ደብተሩን ይዞ በሳምንት ሦስት ቀን መምጣቱን አላቆመም። ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ አለ፤ እዚያ ተቀምጠን ቃላቱን አንድ በአንድ እንጨርሳቸዋለን። የሚፈተነው ፈተና መቼ እንደሚመጣ ሁለታችንም አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር።

የየኔታ ድምፅ መጎርነን የጀመረው በሐምሌ ነው። ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብል ጠጡ፤ ጸበል ተጠመቁ። በኅዳር ቆሎ መዋጥ አቃታቸው። በታኅሣሥ ከአንገታቸው ጎን እንደ ሽምብራ ያለ ነገር ወጣ፤ ወዲያው እንደ ለውዝ፣ ከዚያም እንደ እንቁላል ሆነ። የወገዳ ጤና ባለሙያዎች "ባሕር ዳር ይሂዱ" ብለው ጻፉ። መንገዱ ለሁለት ሳምንት ዝግ ነበር። ከጥምቀት በፊት አንድ አይሱዙ በእስቴ በኩል እንደሚወጣ ሲሰማ ይታየው የኔታን በጋቢ ጠቅልሎ ከእህል ጆንያ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በአንድ ቀን የሚያልቀው መንገድ አራት ቀን ፈጀ። ሁለት ቦታ ላይ ከመኪና ወርደው በእግራቸው ተጉዘዋል።

ሆስፒታሉ ከየቦታው በመጣ ሰው ተጨናንቆ ነበር። አየት አደረጓቸው፤ ከእባጩ ናሙና ወሰዱ፤ ራጅ አነሷቸው። ከቀናት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ቡናማ ጠርሙስ ሽሮፕና አንድ ወረቀት ለይታየው ሰጠውና "ቤታቸው ሆነው ይህን ይውሰዱ። ሲያማቸው መጠኑን እንዲህ እያደረግህ ስጣቸው" አለው። ይታየው ሌላ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በሩ ላይ ሌላ ታማሚ በቃሬዛ ገባ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ይታየው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ከሦስት ቃላት በቀር ሁሉንም ያውቀዋል።

ጥር አሥራ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ ጧት ወደ ግቢዬ መጣ። ከመንገድ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። "የኔታ እንዴት ናቸው?" አልኩት። "ደህና ናቸው፤ ቃላት ይዣለሁ" አለና ደብተሩን ገለጠ። አልጠረጠርኩም። ለወትሮው እንደሚያደርገው አሥራ አምስት ጽፏል። "ብሪጅ" ነበረበት፤ "ሃርቨስት" ነበረበት። አብዛኞቹ እሱ ቀድሞ የሚያውቃቸው መሆናቸውን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊደሉን ሁሉ እንደ ግእዝ እያነበበ "ፓሊያቲቬ" አለ።

"ፓሊየቲቭ" ብዬ አረምኩትና ወፍራሙን መዝገበ ቃላት አነሣሁ። እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። ገጹን አገኘሁና ጮክ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ፣ አነበብኩለት። "ሥቃይን የሚያስታግስ፤ በሽታውን ግን የማያድን።"

ጻፈው። "ዓረፍተ ነገር ይስጡኝ" አለ።

"እሺ። ሐኪሙ ለታማሚው..." ብዬ ጀመርኩና ቀና አልኩ። እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ እንደቆመ ነው። ዓይኑ ሞልቷል።

"ከየት ያመጣኸው ቃል ነው?"

ከነጠላው ሥር ወረቀቱን አወጣና ሰጠኝ። አነበብኩት። የጉሮሮ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገና አይሆንለትም። የመጨረሻው መስመር ላይ ያ ቃል አለ።

አከራዬ ልብስ ታሰጣ ነበርና ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

"ዛሬ ይጠይቁኛል" አለ። "መንገድ ላይ ደክሟቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ይጠይቁኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ቲቸር?"

አሁን ምን ብል ይሻል ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ቶሎ ብዬ ነው የመለስኩት። "አሁን አትንገራቸው" አልኩት። "እኛ አገር ለሰው ፊት ለፊት ሞትህ ደርሷል ብሎ ማን ይናገራል? መርዶ እንኳ በሽማግሌ ነው። ጾሙም እየመጣ ነው። ፋሲካ ይለፍ፤ ያን ጊዜ ካህናቱ ባሉበት ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል።"

"የኔታ ቃል አያልፉም።"

"የቃሉን መጀመሪያ ንገራቸው። ሥቃይን የሚያስታግስ ማለት ነው በላቸው። ውሸት አይደለም።"

ወረቀቱን አጠፈና ተነሣ። "ውሸት አይደለም" አለ እሱም፣ ለራሱ።

የሆነውን የነገረኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የኔታ መደብ ላይ ተጋድመው ነበር። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አስጠግተው አዩት፤ ማንበብ ባይችሉም ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ሄዱበት።

"እስቲ ቁም ነገሩ የቱ ላይ ነው?"

ይታየው የመጨረሻውን መስመር አሳያቸው። "ፓሊየቲቭ ይላል፣ የኔታ።"

"ፍቺው?"

"ሥቃይን የሚያስታግስ።"

ጣታቸው ቃሉ ላይ ነው። "ሌላ ፍቺ አለው?"

"የለውም፣ የኔታ።"

ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። "ሌላ ፍቺ የለውም አልኳቸው፣ ቲቸር። የእርስዎን ቃል እስከዚያ ነበር የተበደርኩት። ያን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

የኔታ ደስ አላቸው። "እንግዲያማ እድናለሁ" አሉ። ሽሮፑም በእርግጥ ሥቃዩን ያዘላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሽሮና ሾርባ ቀመሱ፤ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። አንድ ቀን ይታየውን ጠሩትና ስድስት ዓመት ያልጠሩትን ስም ጠሩ።

"ዮርዳኖስ አዲስ አበባ የት እንደምትኖር የሚያውቅ ሰው ታገኛለህ?"

"አገኛለሁ፣ የኔታ። ስልኳም አይጠፋም። ልደውልላት? ትምጣ?"

"ኧረ ተው!" ተቆጡ። "ታምሞ ጠራኝ፣ ሲጨንቀው አስታወሰኝ እንድትል? የበደልኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በእግሩ ሄዶ ነው የሚጠይቅ። ስድን እሄዳለሁ። ፋሲካን እዋልና፣ መንገዱም ይከፈታል፣ ደጇን ራሴ አንኳኳለሁ።"

ይታየው ያን ዕለት ከየኔታ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። "አሁን ልንገራቸው" አለኝ። "አሁን ካልነገርኳቸው ልጅቷን አያገኟትም።" እኔም ፈራሁ። የጀመሩትን እህል እንዳይተዉ፣ ተስፋ ቆርጠው እንዳይወድቁ ፈራሁ። "ትንሽ ይጠንክሩ" አልኩት። ሐቁ ግን፣ ነገሩ ወደ እኔ ተመልሶ እንዳይመጣ ነበር የፈራሁት።

ጾሙ ገባ። ይታየው ቃላት ለመያዝ መምጣቱን ቀነሰ፤ ሲመጣም ደብተሩን አይገልጥም። የዮርዳኖስን ቁጥር ከአንድ ነጋዴ አግኝቶ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ሁለት ጊዜ ሰቀላ የሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ቁጥሩን ነክቶ፣ ሳይጠራ ዘግቶታል። "የኔታ ሳያዝዙኝ?" ይለኛል። በአንድ በኩል መምህሩን ዋሽቷል፤ በሌላ በኩል ትእዛዛቸውን መተላለፍ አልቻለም። እኔ ደውዬላት ብሆን ኖሮ አንድም ትእዛዝ አልተላለፍም ነበር። ቁጥሩን አልጠየቅሁትም።

ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው። የኔታ ያን ዕለት ከፍስኩ አንድ ጉርሻ መዋጥ አልቻሉም። በሳምንቱ ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ። ሽሮፑ አልቋል፤ ለመግዛትም ወደ ባሕር ዳር የሚወጣ መኪና አልነበረም። በግንቦት መጨረሻ ሥቃዩ ሲብስባቸው መደቡን በጥፍራቸው ይቧጥጡ እንደነበር ይታየው ነግሮኛል። እንኳን የሚያድን፣ የሚያስታግስም ነገር አልነበረም።

ሰኔ ሁለት ቀን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ብዕርና ወረቀት አስመጡ። እየተንቀጠቀጡ ሁለት ቃል ጻፉ፤ "ዮርዳኖስን ጥራ"። ይታየው የዚያኑ ሰዓት ሮጦ ወገዳ ገባ። ኔትወርክ የለም። ተራራው ላይም የለም። አራት ቀን ሙሉ እየተመላለሰ ሞከረ። በአምስተኛው ቀን ስልኩ ሲጠራ፣ አንድ የሴት ድምፅ "ሃሎ" ሲል፣ ማን እንደሆነ ተናገረና "አባትሽ ታመዋል፤ ነይ" አላት።

"በጣም ነው?" አለችው።

"በጣም ነው" አለ። ያኔ ሳይቀንስ ተናገረ።

ዮርዳኖስ በማግስቱ ተነሣች። ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ቀን ተይዛ ቆየች። የኔታ ያረፉት ሰኔ ዘጠኝ ጧት ነው፤ የተቀበሩትም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ። እሷ የደረሰችው በሰልስቱ ዕለት ነው።

እኔም ሰልስት ለመድረስ ሄጄ ነበር። በግቢው በር ስትገባ አወቅኋት፤ ከስታ፣ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ። ደረቷን እየደቃች ገባች፤ ሴቶቹ ያዟት። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ፣ ይታየውን አስጠራችው። ሐኪም ቤት የወሰዳቸው እሱ መሆኑን ሰምታለች።

"ወረቀት ሰጥተውህ ነበር?"

ይታየው ከቤት አምጥቶ ሰጣት። እኔ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሜያለሁ። አነበበችው። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፤ አዲስ አበባ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምትሠራው።

"ጥር አሥራ አራት ይላል" አለች።

"አዎ።"

"ይህን ቃል ታውቀዋለህ?" ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አደረገች።

"አውቀዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥር አሥራ ስምንት።"

"እሳቸውስ ያውቁ ነበር?"

"አላወቁም። ጠይቀውኝ ነበር። ግማሹን ነው የነገርኳቸው።" ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ እንደሚድኑ ማመናቸውን፣ በእግራቸው ሄደው ደጇን ሊያንኳኩ ማሰባቸውን፣ የስልክ ቁጥሯ ኪሱ ውስጥ እንደነበር። አንድም ነገር አልደበቀም። የእኔን ስም ብቻ አላነሣም።

ዮርዳኖስ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው። አልጮኸችም። "አምስት ወር" አለች። "አምስት ወር ነበረኝ። ከአዲስ አበባ በእግሬ ብነሣ እንኳ እደርስ ነበር።"

ይታየው እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ተወኝ" አለችው። "አንተ የእሳቸው ተማሪ አይደለህም።"

ሰው ሁሉ ሰማ። የቅኔ ተማሪዎቹም ሰሙ። ይታየው እንደጎነበሰ ጥቂት ቆየና ቀጥ ብሎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ በግቢው በር ወጣ።

እሷ ዘወር ስትል እኔን አየችኝ። "ቲቸር!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ያኔ ነው ያለቀሰችው። "አንድ የሚነግረኝ ሰው ይጠፋ? ይህ ሁሉ ሰው ባለበት አገር አንድ ሰው ይጠፋ?" እያለች ትከሻዬን በእንባ አራሰችው። ጀርባዋን እየደባበስኩ "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ" አልኳት። ሌላ ምንም አልተናገርኩም።

ትምህርት ቤታችን በ2017 ኅዳር ውስጥ ከፊሉ ተከፈተ። ከመቶ ሠላሳው ዘጠነኛ ክፍሎቼ አሥረኛ ክፍል የተመዘገቡት ሃያ ስድስት ናቸው። ይታየው የለም። ሰው ልኬ አስጠራሁት፤ አንድ ሰኞ መጣ። ያዋስኩትን መዝገበ ቃላት በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

"ተመዝገብ እንጂ" አልኩት። "ሦስት ዓመት ነው የቀረህ።"

"አይሆንልኝም፣ ቲቸር። ቃል ልይዝ ስቀመጥ አንዱን ሳነብ ሌላኛው ፍቺ ይመጣብኛል። ግእዙም እንዲያው ሆኖብኛል።"

እስቴ ለመሄድ እንዳሰበ ነገረኝ። ወላጆቹ አርጅተዋል፤ የሚያርስላቸው ሰው የለም። ሲወጣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ስለ ሰልስቱ ቀን፣ ስሜን ስላላነሣበት ምክንያት ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን መልሱን ፈራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የእስቴ ሰዎች አንድ ነገር ነገሩኝ። እርሻውን ያርሳል፤ ቅዳሴም አይቀርም፤ ቅኔ ግን ዝረፍ ሲሉት እንቢ ይላል አሉ። አንድ ሰው ከሐኪም ቤት የመጣ ወረቀት አንብብልኝ ቢለው "ማንበብ አልችልም" ብሎ መለሰው አሉ።

ዮርዳኖስ አሁንም ትደውልልኛለች። ኔትወርክ ሲኖር በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሙት ዓመቱ ከተነጋገርን በኋላ "ቲቸር፣ ያ ልጅ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"እስቴ ነው። ያርሳል።"

"ይቅር ልለው እያልኩ አስባለሁ። አልሆንልኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን አውቆ፣ ብቻውን ወስኖ..." ድምፏ ተቆራረጠ። "የሚያማክረው አንድ ሰው አጥቶ ነው?"

"ዮርዳኖስ..." አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ኔትወርኩ እንደገና መጣ፤ አራቱም መስመር ሞልቶ ታየኝ። አልደወልኩም።